ይነድዳል፣ አይቃጠልም፦ አያዎን በመንፈሳዊ ግጥም ውስጥ ማንበብ

(በጅማ ከተማ ለሥነ ጽሑፍ ወዳጆች በቃል የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ)

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣

ዛሬ የማነሣው ጉዳይ አንድ ነው፤ መንፈሳዊ ግጥም ሁለት የማይታረቁ ነገሮችን በአንድ ትንፋሽ ሲናገር አንባቢው ምን ያድርግ? የሥነ ጽሑፍ መምህራን እንዲህ ያለውን አነጋገር አያዎ ይሉታል፤ እርስ በርሱ የሚጣላ መስሎ ግን ሳይፈርስ የሚቆም አባባል ማለታቸው ነው። ቁጥቋጦው ይነድዳል፣ ነገር ግን አይቃጠልም። ሰማይና ምድር የማይወስኑት በማኅፀን ተወሰነ። ሐዋርያው «ስደክም ያን ጊዜ ኃይለኛ ነኝና» ይላል። እነዚህን ከልጅነታችን ጀምረን ስለሰማናቸው እንግዳነታቸው ጠፍቶብናል፤ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማቸው ሰው ቢኖር ግን ተናጋሪው ወይ ተሳስቷል ወይ ይቀልዳል ብሎ ማሰቡ አይቀርም። የዚያን ሰው ጆሮ ለአንድ ሰዓት ያህል እንድትዋሱልኝ እለምናለሁ።

ስለዚህ ጉዳይ ጅማ ላይ መናገር በአንድ በኩል ይቀላል። በዚህ ከተማ ዓርብ ኹጥባ የሚሰማውና እሑድ የሚያስቀድሰው አጥር ለአጥር ይኖራሉ፤ በመውሊድ ሰሞን መንዙማው፣ በጥምቀት ሰሞን ዝማሬው፣ ከወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ የመዘምራኑ ድምፅ ለሁሉም ጆሮ ይደርሳል። በቀዳማዊ አባ ጅፋር ዘመን የቤተ መንግሥቱ ሃይማኖት የሆነው፣ በዳግማዊ አባ ጅፋር ረጅም ዘመን ደግሞ ይበልጥ ሥር የሰደደው እስልምና የቃዲሪያንና የቲጃኒያን ጠሪቃዎች (የሱፊዎችን፣ ማለትም የእስልምና ምሥጢራዊ አምልኮ መንገዶችን)፣ ከእነርሱም ጋር የዝክርና የውዳሴ ግጥም ልማድን አቆይቶልናል። በሌላ በኩል ግን ይከብዳል፤ ምክንያቱም የአንዱ እምነት ትልቁ አያዎ ለሌላው እምነት አያዎ ሳይሆን ስሕተት ሊሆን ይችላል፤ በጨዋነት ስምም ነገሩን ሸፋፍኖ ማለፍ ይቀናናል። ወደዚህ ነጥብ ኋላ እመለሳለሁ።

አብዛኞቻችን መንፈሳዊ ግጥም ስንሰማ የምናነሣው መሣሪያ ሰምና ወርቅ ነው። ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ድረስ ቅኔ ሲዘረፍ ሰሚው ሰሙን ከወርቁ ይለያል፤ ለይቶ ያላወጣውን ተማሪ የኔታ እንዲሁ አያልፉትም። ልማዱም ከቅኔ ቤት ወጥቶ በአማርኛው ግጥም፣ በሙሾው፣ በሽሙጡ ሁሉ ገብቷል፤ ሁለት ፊት ያለው ነገር በሰማን ቁጥር «ወርቁ የታለ?» ብለን የምንጠይቀው ለዚህ ነው። የእኔ ክርክር እንግዲህ ይህ ነው፤ አያዎ ሰምና ወርቅ አይደለም፤ እንደ ሰምና ወርቅ ፈትተን ያነበብነው እንደሆነም ግጥሙ እጃችን ላይ ይሞታል።

ልዩነቱን ለማሳየት ለዚህ ንግግር ብዬ የገጠምኳቸውን ሁለት ጥንድ ስንኞች ላቅርብ፤ ባለቅኔ አለመሆኔን ስለምታውቁ ይቅርታችሁ አይለየኝ። የመጀመሪያው እንዲህ ይላል፦

ሲደክም የዋለ ዓርብ ማታ አረፈ፤
እሑድ በማለዳ ተነሥቶ አለፈ።

ሰሙ የቀን ሠራተኛ ነው፤ ሳምንቱን ለፍቶ ዓርብ ማታ ጎኑን ያሳርፋል፣ እሑድ ጧት ተነሥቶ መንገዱን ይቀጥላል። ወርቁ የክርስቶስ ሞትና ትንሣኤ ነው። ሥራውን የሚሠሩት «አረፈ» እና «ተነሣ» የሚሉት ቃላት ናቸው፤ ሁለቱም ሁለት ሁለት ፍቺ አላቸውና። ወርቁን ካገኘን በኋላ ሠራተኛውን አመስግነን እናሰናብተዋለን። እርግጥ ጥሩ ቅኔ ውስጥ ሰሙም የራሱ ጣዕም አለው፤ ቢሆንም ማንም ሰው የቀን ሠራተኛው እውነትም ዓርብ ማታ ተኝቶ እንደ ነበር ሊከራከር አይነሣም። አሁን ሁለተኛውን እዩ፦

ሞት የዋጠው ሕይወት ሞትን ዋጠውና፤
መቃብር ማሕፀን ሆነ እንደገና።

እዚህ ሁለት ፍቺ ያለው ቃል የለም። ሞት ሞት ነው፣ ሕይወትም ሕይወት ነው፣ መዋጥም መዋጥ ነው። ከውስጡ ተፈልፍሎ የሚወጣ ሌላ ነገር ስለሌለ የምናሰናብተው ወገንም የለም፤ የተዋጠው ካልተዋጠ ዋጪውን መዋጥ ባልቻለ ነበር፤ በመዋጡ ብቻ ቢያበቃ ደግሞ የሚነገር ነገር ባልኖረ። ሰምና ወርቅ እንደ እንቆቅልሽ ነው፤ መልሱ ሲገኝ ወይም አገር ሲሰጥ ጨዋታው ያልቃል። አያዎ ግን ከተመለሰም በኋላ ጥያቄነቱ አይቀርም።

ይህን በታላቅ ባለቅኔ እጅ ሲሠራ ለማየት ወደ ቅዱስ ኤፍሬም ሶርያዊ እንሂድ። ኤፍሬም የንጽቢን ሰው ነበር፤ ከተማይቱ በ363 እ.ኤ.አ. ለፋርስ ስትሰጥ ከተሰደዱት ጋር ወጥቶ በኤዴሳ ተቀመጠ፣ በዚያውም በ373 ዐረፈ። የእኛ ትውፊት ውዳሴ ማርያምን የሚሰጠው ለእርሱ ነው። በሱርስት ስለ ልደት ከደረሳቸው መዝሙሮች በአንዱ እናትህ ድንቅ ናት ብሎ ይጀምርና ነገሩን በ«ገባ» እና በ«ወጣ» መካከል ይዘረዝረዋል። ጌታ ሆኖ ገባ፣ በውስጧ አገልጋይ ሆነ። ተናጋሪ ሆኖ ገባ፣ በውስጧ ዝም አለ። ነጐድጓድ ሆኖ ገባ፣ ድምፁ ጸጥ አለ። የሁሉ እረኛ ሆኖ ገባ፣ በውስጧ በግ ሆነ፤ እንደ ግልገል እየጮኸ ወጣ።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ችኮላ የሚጎዳው እንዲህ ያለውን ቦታ ነውና። ብዙ አንባቢዎች ዝርዝሩን እንደ ማዕርግ መውረጃ ደረጃ ብቻ ይቆጥሩታል፤ ከፍ ያለው ዝቅ አለ፣ በቃ። ኤፍሬም ግን በጆሮ እያሰበ ነው። መጀመሪያ ንግግር ነበር፣ እርሱ ዝም አለ። ቀጥሎ ከንግግር የሚበልጥ ነጐድጓድ መጣ፣ እርሱም ጸጥ አለ። ከሁለት ዝምታ በኋላ ሰሚው ድምፅ ይጠብቃል፤ የሚሰማውም የግልገል ጩኸት ነው። ነጐድጓዱ ወደ ሌላ ምሥጢራዊ ነገር አልተተረጐመም፤ የሚጮኸው ግልገል ራሱ ነጐድጓዱ ነው። ከዚህም ቀጥሎ ባሉት ቤቶች ሁሉን የሚመግበው ረኀብን አገኘ፣ ሁሉን የሚያጠጣው ጥማትን አገኘ፣ ሁሉን የሚያለብሰው ራቁቱን ወጣ ይላል። ጥንዶቹን ልብ በሉ፤ ኤፍሬም ያገኘውን ተቃራኒ ሁሉ አላጋጠመም። በእያንዳንዱ ጥንድ ሰጪው የሚጎድለው ያው የሚሰጠው ነገር ነው። ውኃ ሰጪው ራቁቱን ወጣ ቢል ኖሮ ኀዘን እንጂ አያዎ ባልሆነም ነበር።

ከኤፍሬም ሁለት መቶ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ የሰርዴሱ ጳጳስ መሊጦን በፋሲካ ስብከቱ ምድርን የሰቀለው ተሰቀለ፣ ሰማያትን ያጸናው ተቸነከረ ብሎ ነበር፤ ያው ሕግ በዚያም ይሠራል።

እዚህ ላይ የአንድምታ መምህራን ሊጠይቁኝ የሚገባ ጥያቄ አለ። አያዎን መፍታት ግጥሙን ይገድለዋል ካልኩ፣ «አንድም» እያለ ሲያብራራ የኖረው የትርጓሜ ሊቅ ምን ሲሠራ ነበር? መልሴ አንድምታ አይፈታም፣ ይደርባል የሚል ነው። አንዱን ፍቺ ካስቀመጠ በኋላ «አንድም» ብሎ ሌላ ይጨምራል እንጂ የፊተኛውን አይሽርም። አያዎን በእርግጥ የሚፈታው ሌላ ዘዴ ነው፤ ዓረፍተ ነገሩን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ለአንዱ፣ ግማሹን ለሌላው መስጠት። በታንኳይቱ ውስጥ የተኛው ሰው ነው፣ ማዕበሉን የገሠጸው አምላክ ነው ብለን ለሁለት ባለቤት ካካፈልነው ቅራኔው ይጠፋል፤ ሰው መተኛቱ፣ አምላክም ባሕር መገሠጹ ማንን ያስደንቃል? የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ቄርሎስ በአራተኛው ውግዘቱ የተቃወመው ይህን ዓይነቱን ማከፋፈል ነበር፤ በ451 እ.ኤ.አ. በኬልቄዶን የተደረገውን፣ ክርስቶስን በሁለት ባሕርይ ያለውን ጉባኤ ያልተቀበለችው የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያንም ያለ መቀላቀል፣ ያለ መለወጥ፣ ያለ መለየት ብላ የተዋሕዶን ነገር ስታጸና ለግጥም ጭምር አንድ ነገር ጠብቃለች ብዬ አምናለሁ። የተኛውና የገሠጸው አንዱ ራሱ ካልሆነ ዝማሬው የሚቆምበት መሬት የለውም። የነገረ መለኮት ክርክሩን ለመዳኘት አልቆምኩም፤ የኬልቄዶን ወገኖችም አንድ አካል ብለው ስለሚያምኑ የእነርሱም መዝሙር በዚሁ አያዎ የተሞላ ነው። ኤፍሬም ከጉባኤው 78 ዓመት ቀድሞ ስላረፈ ሁሉም የእኔ ነው ይሉታል፤ ሁሉም እውነታቸውን ነው።

(ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ስለጀመረ ድምፄን ከፍ ላድርግ። የጅማ ሰው ለዝናብ ብሎ ጉባኤ አይበትንም።)

ወደ ቁጥቋጦው እንመለስ። የሐሙሱ ውዳሴ ማርያም ሙሴ በምድረ በዳ ያየውን፣ በእሳት ነበልባል እየነደደ ቅርንጫፎቹ ያልተቃጠሉትን ዕፅ ለድንግል ምሳሌ አድርጎ ያቀርባል። ሰምና ወርቅ የለመደ አእምሮ ዕፁ ሰም፣ ማርያም ወርቅ ብሎ ይዘጋዋል። ምሳሌነቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከዕፁ ወደ ድንግል ስንሻገር ቅራኔው አልተፈታም፣ አብሮን ተሻገረ እንጂ። እሳቱ መለኮት ነው ካልን፣ መለኮት ሥጋን እንዴት አላቃጠለም? ጥያቄው በኦሪት እንደ ነበረ በወንጌልም ቆሟል። ኦሪት ዘጸአትም ራሱ ይህን ያውቃል። ሙሴ ወደ ቁጥቋጦው የቀረበው «ስለ ምን አልተቃጠለም» ብሎ ምክንያት ፍለጋ ነበር፤ ለዚህ ጥያቄ ግን በምዕራፉ ውስጥ መልስ አልተሰጠውም። በስሙ ተጠራ፣ ጫማህን አውልቅ ተባለ፣ ወደ ፈርዖን ተላከ። የጠየቀው ስለ እሳቱ ጠባይ ነበር፤ የተነገረው ግን እርሱ ስለሚቆምበት መሬትና ስለሚሄድበት መንገድ ነው። የመንፈሳዊ አያዎ አሠራር ከዚህ በተሻለ የተገለጸበትን ቦታ አላውቅም።

አሁን ኋላ እመለሳለሁ ወዳልኩት አስቸጋሪ ነጥብ እንምጣ። በመውሊድ የሚነበበውን ቡርዳን፣ ነቢዩ ሙሐመድን የሚያወድሰውን የዐረብኛ ግጥም፣ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ደራሲው አል-ቡሲሪ በ13ኛው ክፍለ ዘመን በግብፅ የኖረ ሰው ነው፤ ግጥሙ 160 ያህል ስንኞች አሉት። በመካከሉ ክርስቲያኖች ስለ ነቢያቸው ያሉትን ተወው፣ ከዚያ በኋላ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) በፈለግኸው ውዳሴ አወድስ ይላል፤ ቀጥሎም የመልእክተኛው ልቅና ወሰን ስለሌለው የትኛውም አንደበት ሊገልጸው አይችልም ይላል። ጥቂት ስንኞች አልፎ የዕውቀታችን ጫፍ እርሱ ሰው መሆኑ፣ ከአላህ ፍጥረት ሁሉም የሚበልጥ መሆኑ ነው ብሎ ይደመድማል።

ጨዋታን ለማሳመር ብለን የመጀመሪያውን ስንኝ ብንዘለው ሦስተኛውን አንረዳውም። አል-ቡሲሪ በር ዘጋ፣ ከዚያ ሜዳውን ሁሉ ከፈተ። ፈጣሪና ፍጡር በአንድ አካል ይገናኛሉ የሚለውን የኤፍሬምን አያዎ አይቀበልም፤ የእርሱ አያዎ ያለው ሌላ ቦታ ነው። «ሰው ነው» የሚለው ግንብ ሳይነቃነቅ ውዳሴው ወሰን ያጣል፤ አንደበት አይችልም ያለው ገጣሚም በዚያው አንደበት መቶ የሚያህል ስንኝ ይቀጥላል። መንዙማ የሚያውቅ ሰው ይህን ሁኔታ ያውቀዋል፤ የማይቻል መሆኑን መናገር ለዝምታ ምክንያት ሆኖ አያውቅም፤ ይልቁንም ድቤው የሚሞቀው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ የሁሉም ሃይማኖት ምሥጢራዊ ገጣሚ አንድ ነገር ይናገራል የሚለውን፣ በቅን ልብም ቢሆን የሚነገረውን አስተያየት አልቀበልም። አያዎ ባለቦታ ነው። የት ላይ እንደ ተተከለ ካላየን ግጥሙንም እምነቱንም አላየንም።

የሱፊዎቹ መዝገብ ራሱ ሰፊ ነው፤ አንድ ብቻ ልጥቀስ። በ1235 እ.ኤ.አ. በካይሮ ያረፈው ኢብኑል ፋሪድ በወይን ግጥሙ መክፈቻ ላይ ወዳጅን እያሰብን ወይን ጠጣን፣ የወይን ተክል ሳይፈጠር በፊት ሰከርንበት ይላል። መጠጥ በሃይማኖቱ የተከለከለ መሆኑን ለማስታወስ ያህል ብቻ ልናገር። ተርጓሚዎቹ ይህን ስንኝ አላህ የአደምን ልጆች «ጌታችሁ አይደለሁምን?» ብሎ በጠየቃቸውና እነርሱም «አዎን» ባሉበት፣ በቁርኣን በሱረቱል አዕራፍ በተነገረው ቃል ኪዳን ያብራሩታል። ማብራሪያው ጥሩ ነው፤ ወይን ፍቅር ነው፣ ስካሩም የዚያ ቀን ነው። ይህኛው ከኤፍሬም ስንኝ ይልቅ ለሰምና ወርቅ ይቀርባል ብትሉኝ አልከራከርም። ነገር ግን ማብራሪያውን ይዘን ስንኙን ዳግመኛ ብናነበው አሁንም ያነቃንቀናል፤ ከምክንያቱ የቀደመ ስካር፣ ከመገናኘት የቀደመ ትዝታ አለና። ወይኑ ቢፈታም ጊዜው አልተፈታም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ስለ ዘመናችን ግጥም ጥቂት መራራ ቃል ልናገር። አሁን አሁን መንፈሳዊ ነኝ የሚል ግጥም ሁሉ «ዝምታዬ ጮኸ»፣ «ጨለማዬ በራ»፣ «ባዶነቴ ሞላ» ይላል። ተቃራኒ ቃላትን ማጋጨት ቀላል ነው፤ ቃላት ሲጋጩም ጥልቀት ያለ ይመስላል። መለያው ግን አለ። ከሁለቱ ወገን አንዱን ቀይሩትና እዩ። «ዝምታዬ ጮኸ» የሚለውን «ዝምታዬ በራ» ብለን ብንለውጠው በግጥሙ ውስጥ የሚፈርስ ነገር ከሌለ፣ አያዎው ጌጥ ነበር። በኤፍሬም እረኛው ከግልገሉ ውጭ ሌላ ሊሆን አይችልም። መዝሙረኛው «ጨለማ በአንተ ዘንድ አይጨልምም፥ ሌሊትም እንደ ቀን ታበራለች» ሲልም ቀድሞ ከመንፈስህ ወዴት እሄዳለሁ ብሎ የሚሸሸግበትን ቦታ ሁሉ ፈልጎ አጥቷል፤ ጨለማው የመጨረሻው መሸሸጊያ ነበር፣ እርሱም አልደበቀውም። ሐዋርያው ጳውሎስም ስለ ድካምና ኃይል የተናገረው የሥጋው መውጊያ እንዲወሰድለት ሦስት ጊዜ ለምኖ ካልተወሰደለት በኋላ ነው። ዓረፍተ ነገሩ ያስከፈለው ዋጋ ከፊቱ ተጽፏል። በየመድረኩ ስንዘምረው ግን ብዙ ጊዜ መውጊያውን ትተን ኃይሉን ብቻ እንወስዳለን።

ንግግሩ ሲያበቃ ከተነሡት ጥያቄዎች ሁለቱን እዚህ አስገብቻለሁ። አንድ ወጣት የማያምን ሰው እንዲህ ያለውን ግጥም ሊረዳ ይችላል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ይችላል አልኩት፤ ሁለቱ ወገኖች ምን ምን እንደሆኑ፣ ለምን እነርሱ እንደተመረጡ፣ የትኛው ቢጎድል ምን እንደሚፈርስ ለማየት ማመን ግዴታ አይደለም። የማያምነው ሰው ስሕተት የሚሠራው ገጣሚው ቅራኔውን አላስተዋለም ብሎ ሲያስብ ነው፤ የሚያምነውም ቅራኔ የለም ብሎ ሲያስብ ይሳሳታል። ልዩነቱ ምእመኑ ግጥሙን አንብቦ አይጨርሰውም፤ የሐሙሱን ውዳሴ በሚቀጥለው ሐሙስ ይደግመዋል፣ ቡርዳውንም በሚቀጥለው መውሊድ ይሰማዋል። መደጋገሙ ስለ ግጥሙ ጠባይ ራሱ የሚነግረን ነገር አለ፤ ተፈትቶ የሚያልቅ ነገር በየሳምንቱ አይደገምም።

ሁለተኛዋ ጠያቂ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአማርኛ መምህርት ነበሩ፤ እርሳቸውም፣ «እሺ፣ ክፍል ውስጥ ገብቼ ምን ላድርግ?» አሉ። የመለስኩላቸው እንዲህ ነው። ግጥሙን መጀመሪያ ድምፅዎን አሰምተው ያንብቡት፤ «ምን ማለት ነው?» ብለው ግን አይጀምሩ፣ ተማሪው ወዲያው ወርቅ ፍለጋ ይሮጣልና። ይልቁንም በሰሌዳው በአንዱ በኩል «ገባ»፣ በሌላው በኩል «ወጣ» ብለው ይጻፉና ተማሪዎቹ ራሳቸው ጥንዶቹን ያስገቡ። ከዚያ ከጥንዶቹ አንዱን በእጅዎ ያጥፉትና በምትኩ ሌላ ቃል እንዲያመጡ ይጠይቋቸው። ያመጡት ቃል ለምን እንዳልገጠመ ሲከራከሩ ትምህርቱ ተጀምሯል ማለት ነው። የክርስቲያንም የሙስሊምም ልጆች በአንድ ክፍል ስላሉ አንድ ቀን ኤፍሬምን፣ በሌላው ቀን አል-ቡሲሪን ቢወስዱ፣ ክርስቲያኖች ያሉትን ተወው የሚለውንም ስንኝ ሳይዘሉ ቢያነቡት ጥሩ ነው። ልጆቹ ከምናስበው በላይ ይችሉታል።